አሻንጉሊቷ እኛን ስትመስል

እስቲ ይህን መጽሔት ለአፍታ አስቀምጡና ልጃችሁ የሚጫወትባትን አሻንጉሊት አንሥታችሁ ተመልከቷት። ፀጉሯ ምን ዓይነት ነው? ዓይኗስ? ቆዳዋስ? አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላም ይሁን ሴቻ፣ ከአንዱ ሱቅ የተገዛች ከሆነች ሳላያትም መገመት አያቅተኝም። ፀጉሯ ወርቃማና ዘርፋፋ፣ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ቆዳዋ እንደ ወተት የነጣ ነው። አባት፣ እናት፣ አያትና ልጆች ሁሉ ጠይምና ጥቁር በሆኑበት ቤት ውስጥ እርሷ ብቻ ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ ናት። ይሁን እንጂ ልጃችን "ቆንጆ" የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የምትለማመደው በዚህች እንግዳ ላይ ነው።

በዛሬው ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቀላል የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ይኸውም ከገበያ የተገዛችን ትንሽ አሻንጉሊት ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ቀለሟን በመለወጥ፣ ፀጉሯን በመሥራትና የአገራችንን ሸማ በማልበስ እንደ ገና ስለ መሥራት ነው። "ስንት ቁም ነገር እያለ ስለ አሻንጉሊት?" የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ ልጆቻችን ስለ ራሳቸው ምን እንደሚያስቡ፣ አባቶች በልጆቻቸው ጨዋታ ውስጥ የት እንዳሉ፣ በእጅ የሚሠራንም ሥራ እንዴት እንደምናከብር ይታያል ብዬ አምናለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ነገሩ አዲስ ነው ወይስ የቆየ?

በሌላው ዓለም አሻንጉሊትን መሰብሰብና እንደ ገና መሥራት የአዋቂዎችም ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ፋንኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ "ፖፕ" የሚባሉትን፣ ራሳቸው ትልቅ፣ ሰውነታቸው ትንሽ፣ ቁመታቸውም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ የቪኒል ምስሎች ማውጣት ጀመረ። ቪኒል ማለት ስንጫነው ትንሽ ሰጠት የሚለው፣ እኛ በተለምዶ ላስቲክ የምንለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ከፖፕ ቀደም ብሎ ኪድሮቦት የሚባል ሌላ ኩባንያ "ማኒ" የተባለች ፊት የሌላት ነጭ ምስል ሸጧል፤ ገዢው ራሱ ፊት እንዲስልላት ታስቦ የተሠራች ናት። ብዙ ሰዎችም በፋብሪካ የተሠራውን ምስል ቀለሙን አንሥተው የሚወዱትን ሰው፣ ሚስታቸውን ወይም ልጃቸውን እንዲመስል አድርገው መሥራትን ልማድ አደረጉት።

እኛስ ይህን አናውቀውም? በሚገባ እናውቀዋለን እንጂ! የበቆሎ አገዳ ልጦ መኪና ያልሠራ ልጅ በአካባቢያችን ማን ነው? ቆረቆንዳውን በጨርቅ ጠቅልላ "ልጄ ናት" እያለች ያላዘለች ልጅ ማን ናት? ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥቶ ሻኛ ያለው በሬ መሥራት የእረኞች ሁሉ ጥበብ ነበር። ልዩነቱ ያንጊዜ ልጁ ራሱ ሠሪ መሆኑ ነው። ዛሬ ግን ልጃችን ሌላው የጨረሰውን ተቀባይ ብቻ ሆኗል። እንግዲህ የገዛናትን አሻንጉሊት በቤታችን እንደ ገና ስንሠራ አዲስ ባህል ማምጣታችን ሳይሆን የቀረብንን መመለሳችን ነው።

የአሻንጉሊት ፊት ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬኔት ክላርክና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት በሥነ ልቦና ሙያቸው አንድ ጥናት አደረጉ። ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ሕፃናት ከቀለማቸው በቀር በሁሉ ነገር አንድ ዓይነት የሆኑ ነጭና ጥቁር አሻንጉሊቶችን አቀረቡላቸው። መጫወት የምትፈልጉት በየትኛዋ ነው? መልካሟ የትኛዋ ናት? ክፉ የምትመስለውስ? እያሉ ጠየቋቸው። የሚበዙት ልጆች ለመልካሙ ነገር ሁሉ ነጯን መረጡ። በመጨረሻም "አንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት?" ሲባሉ ያለቀሱና ክፍሉን ጥለው የወጡ ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በወሰነ ጊዜ ከጠቀሳቸው ሥራዎች መካከል የክላርክ ጽሑፍ ይገኝበታል።

እርግጥ ነው፣ እነዚያ ልጆች በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት በሚንቃቸው ማኅበረሰብ መካከል ያደጉ ናቸው። የእኛዎቹ ግን አስተማሪያቸውም፣ ሐኪማቸውም፣ መጋቢያቸውም እነርሱን የሚመስል ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም። ነገር ግን ጥናቱ ያስተማረን አንድ ነገር በየትም አገር ይሠራል። ይኸውም ሕፃን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው፣ በዙሪያው ካለው ዕቃና ምስል ብቻ የትኛው መልክ እንደሚከበር ይማራል።

የአሻንጉሊት ፋብሪካዎችም ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ዝነኛዋ ባርቢ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። "ባርቢ" የሚለውን ስም ራሱን የያዘች ጥቁር አሻንጉሊት ግን የወጣችው በ1980፣ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም በ2000ዎቹ ኢቲዶልስ በሚል ስም ንግሥተ ሳባ ማክዳን የምታሳይ አሻንጉሊት አሠርተው ለገበያ አቅርበዋል። ልጆቻቸው በባዕድ አገር ራሳቸውን የሚያዩበት ነገር ሲያጡ ዝም ብለው አልተቀመጡም ማለት ነው። እኛም አርባ ምንጭ ተቀምጠን ፋብሪካ እስኪያስበን መጠበቅ አይኖርብንም። ብሩሽ፣ ክርና ቁራጭ ጨርቅ በቂ ነው።

"የተቀረጸ ምስል አይሆንብንም?"

በሴቶች ኅብረታችን ስለዚህ ነገር ስንጨዋወት አንዲት ወጣት እናት፣ "እትዬ፣ ምስል መሥራት ተከልክሎ የለም እንዴ? ቤቴ ማስቀመጥ እፈራለሁ" አለችኝ። ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ስለሆነ ልለፈው አልፈልግም።

ትእዛዙ (ዘጸ. 20፥4-5) የሚከለክለው ልንሰግድለትና ልናመልከው የምንሠራውን ምስል ነው። ይህን ትእዛዝ የሰጠው ጌታ ራሱ ጥቂት ምዕራፎችን አለፍ ብሎ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅና በናስ፣ በዕንቍና በእንጨት የሚሠራበትን ጥበብ በመንፈሱ ሞላው (ዘጸ. 31፥1-5)። በሰሎሞን ቤተ መቅደስም የናስ በሬዎችና አንበሶች ነበሩ (1 ነገ. 7፥25-29)። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የናሱ እባብ ታሪክ ነው። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ሠራው (ዘኁ. 21፥8-9)፤ ሕዝቡ ያጥንለት በጀመረ ጊዜ ግን ሕዝቅያስ ሰባበረው (2 ነገ. 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነበር፤ የተለወጠው የሕዝቡ ልብ ነው።

ስለዚህ ለዚያች እናት፣ "እህቴ፣ ልጅሽ አሻንጉሊቷን ታጥባታለች፣ ታለብሳታለች፣ ደግሞም አልጋ ሥር ጥላት ትተኛለች፤ ይህ አምልኮ አይደለም፣ ጨዋታ ነው" አልኳት። ነቢዩ ዘካርያስም ስለምትታደሰው ኢየሩሳሌም ሲናገር አደባባዮቿን የሞሉት የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ናቸው (ዘካ. 8፥5)።

ይልቅ የሚያሰጋን ሌላ ነው። ምስል መሰብሰብ እንደ ማንኛውም መሰብሰብ ልብን ሊይዝ ይችላል። ፋብሪካው "የቀረህ አንድ ብቻ ነው" እያለ ሁልጊዜ አዲስ ያወጣል። ጌታችን የሰው ሕይወት በገንዘቡ ብዛት እንዳልሆነ ያስተማረው (ሉቃ. 12፥15) ለአዋቂ ሰብሳቢም ለሕፃንም ይሠራል። በዚህ ረገድ ያለንን አንዲቷን አሻንጉሊት ደግመን መሥራት ለልጆቻችን ጥሩ ትምህርት ነው። ያረጀ ነገር ሊታደስ እንደሚችልና ደስታ የግድ ከሱቅ እንደማይመጣ ያዩበታል።

የባልም የሚስትም ሥራ

ወንድሞች ይህን ክፍል እንዳትዘልሉት አደራ። "አሻንጉሊትና መርፌ የሴት ነው" የሚል ካለ የጋሞን ደጋ ይመልከት። በዶርዜ ጥጡን የምትፈትለው ሴቲቱ ናት፤ ሸማውን የሚሠራው ወንዱ ነው። ባዘቶውን፣ እንዝርቱንና ልቃቂቱን እርሷ ትይዛለች፤ ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ የሚያስገባው እርሱ ነው። እርሷ ካልፈተለች እርሱ የሚሠራው የለውም፤ እርሱ ካልሠራ የእርሷ ፈትል ክር ሆኖ ይቀራል። ሌላው አገር ስለ ትዳር መተባበር በመጽሐፍ ሲማር የእኛ አያቶች በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት ይዞሩ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ምድር የወጣ አባት ለልጁ አሻንጉሊት ጋቢ ቢሠራ ሊያፍር ነው?

ይህን የምለው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከጨንቻና ከዶርዜ ወጥተው አዲስ አበባ፣ በተለይም ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ በሽመና የሚተዳደሩ አባቶች ብዙ ናቸው። ብዙዎቹም ዓመቱን ሙሉ ሠርተው ወደ ደጋው የሚመለሱት በመስቀል ሰሞን ነው። ልጁ አባቱን የሚያውቀው በሚላክለት ብር ከሆነ እንዴት ያሳዝናል! አንተ ወንድሜ፣ ከሸማው ጫፍ የምትቆርጣትን አንድ ስንዝር ጨርቅ አትጣላት። "ይህቺ ለአሻንጉሊትሽ ነጠላ ናት" ብለህ ላካት። ልጅህ የእጅህን ሥራ በእጇ ይዛ ትተኛለች። አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ በጌታ ምክር እንዲያሳድጉ የተሰጠው ቃል (ኤፌ. 6፥4) በስልክ ከመገሠጽ ያለፈ ነው።

እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቀለሙ መድረቅ ስላለበት ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ደግሞም መልካምነቱ እዚያ ላይ ነው፤ ልጆች መጠበቅን ይለማመዳሉ።

1. ማጠብ። አዲስ አሻንጉሊት ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ይኖርባታል፤ አሮጌዋም የእጅ ወዝ አለባት። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቧት፤ በደንብ ይድረቅ። ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

2. ራሷን ማውጣት። ሱቅ ከሚሸጡት አሻንጉሊቶች የብዙዎቹ ሰውነት ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ራሳቸው ግን ለስላሳ ቪኒል ነው። አፍልታችሁ ከእሳት ባወረዳችሁት ውሃ ውስጥ ራሷን ለሁለት ለሦስት ደቂቃ አቆዩት፤ ቪኒሉ ይለሰልሳል። ከዚያ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ ሳቡ። አንገቷ በኮላ የተጣበቀ ከሆነ አትታገሏት፤ ሳትነቅሉም መቀባት ይቻላል። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው።

3. ማለስለስ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የሚቀባውን ቦታ ሁሉ በስሱ አሹት። ዓላማው መፋቅ ሳይሆን አዲሱ ቀለም የሚይዘው ሻካራ ገጽ ማዘጋጀት ነው። የፋብሪካውን የዓይንና የከንፈር ቀለም ለማንሣት ጥጥ በአሴቶን ነክሮ ጠረግ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ከቆየ ግን ቪኒሉን ራሱን ያበላሻል።

4. ቀለም መቀባት። የሚስማማው በውሃ የሚበጠበጠው አክሪሊክ ቀለም ነው። የዘይት ቀለምና የጥፍር ቀለም በለስላሳ ቪኒል ላይ ጥሩ አይደርቁም። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ከቀለሙ ጋር ስለሚቀላቀል ከሳምንታት በኋላም እጅ ላይ ይጣበቃል። በመጀመሪያ እግሯ ሥር፣ በማይታየው ቦታ ሞክሩ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመለቅለቅ ሦስት አራት ጊዜ በስሱ መቀባት ይሻላል፤ በየመካከሉ ይድረቅ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ መድረቅ ይጀምራል፤ ብሩሹን ውሃ እያስነካችሁ ሥሩ። ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በጉም ውስጥ ናትና እዚያ ያላችሁ እስከ ማግሥቱ ታገሡ።

የቆዳ ቀለም እንዴት ይገኛል? ቀይና ቢጫ ቀላቅሉ፤ ሰማያዊ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ቡናማ ይወጣል። ለማቅላት ነጭ፣ ለማጥቆር ጥቂት ሰማያዊ ይጨመራል። ከዚያ ልጆቹ ክንዳቸውን ከቀለሙ አጠገብ አድርገው በቀን ብርሃን ያመሳክሩ። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ስንት ዓይነት ጠይምና ጥቁር እንዳለ ስታዩ ትደነቃላችሁ። ይህቺን ደቂቃ አትቸኩሉባት፤ "የእኔ እንደዚህ ነው፣ የአባዬ እንደዚያ" እያሉ ሲስቁ የሚማሩትን ማንም በንግግር ሊያስተምራቸው አይችልም። ለዓይንና ለቅንድብ ብሩሹ ከወፈረ የስቴኪኒ ጫፍ ተጠቀሙ።

5. ፀጉር። የፋብሪካው ፀጉር ካለ መነቀል የለበትም፤ አሳጥራችሁ ቆርጣችሁ ጥቁር የሹራብ ክር በኮላ ከማጅራቷ ጀምራችሁ ወደ ላይ ደርድሩ። ክሩን ፈትታችሁ ብታበጥሩት አፍሮ ይሆናል፤ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትጎነጉኑት ሹሩባ ይሆናል። ፀጉሯ ጥቁር ከሆነና መጠቅለል ብቻ ከፈለጋችሁ በስቴኪኒ ላይ ጠምጥማችሁ ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፤ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ፍቱት።

6. ልብስ። ቁመቷ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አሻንጉሊት ከልብስ ሰፊ ቤት የሚወድቅ የዱንጉዛ ቁራጭ ይበቃል። ለ10 ሴንቲ ሜትሯ ግን የዱንጉዛው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ስለሚሰፋባት አንዱ ቀለም ብቻ ይሸፍናታል። ለእርሷ በካርቶን መሥራት ይሻላል። የእጅ መዳፍ የሚያክል ካርቶን ላይና ታች ጫፉን በየ3 ሚሊ ሜትሩ ሰንጥቃችሁ ክር ከላይ ወደ ታች ዘርጉ፤ ይህ ድሩ ነው። በመርፌ ቀለም ያለውን ክር አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያደረጋችሁ አሳልፉ፤ ይህ ማጉ ነው። ያለቀውን በማበጠሪያ ጠቅጠቅ አድርጉ። በእጅ የተሠራ ሸማ ሲቆረጥ ጠርዙ ይተረተራልና ከመቁረጣችሁ በፊት መስመሩን ቀጭን ኮላ አስነኩት።

ጥንቃቄ

በዚህ ላይ እናቶችም አባቶችም እንድትነቁ እለምናለሁ። አንደኛ፣ የተረፈ የቤት ወይም የብረት ቀለም ለአሻንጉሊት አትጠቀሙ። በአንዳንድ የዘይት ቀለሞች፣ በተለይ በደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ እነዚህም ዱንጉዛን ስናስብ ቶሎ እጃችን የሚሄድባቸው ቀለሞች ናቸው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በቤታችሁ ጥግ የቆየው ቆርቆሮ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አሴቶን በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ከሰል፣ ምድጃና ሻማ ባለበት አትክፈቱት፤ መስኮትም ይከፈት። ሦስተኛ፣ ቪኒልን እሳት ላይ አታሙቁ፣ የተሰበረችውንም አሻንጉሊት አታቃጥሉ፤ ጢሱ ሳንባን ይጎዳል። አራተኛ፣ ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቁልፍ፣ ዶቃና የሚነቀል ትንሽ ነገር ያለባት አሻንጉሊት አትስጡ፤ ሊታነቅ ይችላል። ለእርሱ ከጨርቅ ብቻ የተሰፋች ትበቃዋለች።

ጨዋታ ይሁን፣ ጉልበት አይሁን

ካርቶኑ ላይ ስለሚሠራው ሽመና ስጽፍ አንድ ነገር ልቤን ከበደኝ። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ሕፃናት "እናስተምራቸዋለን" እየተባለ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በሽመና ሥራ ጉልበታቸው ሲበዘበዝ መቆየቱ በተደጋጋሚ የተዘገበ ነው። እግራቸው መርገጫውን በቅጡ ሳይደርስ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጠው ከማለዳ እስከ ማታ የሚሠሩ ልጆች አሻንጉሊት የሚይዙበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በካርቶን ላይ ስትሠራ ድሩ ቢጠላለፍ አትቆጡ፤ ሲሰለቻትም ተነሥታ ትሂድ። ጨዋታና ጉልበት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ዘመድም ይሁን እንግዳ "ልጁን ስጡኝ፣ ከተማ ወስጄ ሙያ ላስይዘው" ቢላችሁ የሚኖርበትን ቤት፣ የሚማርበትን ትምህርት ቤት በዓይናችሁ ሳታዩ እሺ አትበሉ።

የሚሠራ እጅ የተከበረ ነው

ሁለተኛው ልቤ ላይ ያለው ነገር ይህ ነው። ቪኒል ለማግኘት አቅም የሌለው ቤት ሸክላ ጭቃ አያጣም። ልጆቻችሁ ከጭቃ ሰው፣ በሬና ቤት ሠርተው በጥላ ያድርቁት፤ በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ነገር ግን ልጃችን እጁን ጭቃ ውስጥ ሲከት ከትልልቆቹ የሚሰማው ምንድን ነው? በምድራችን ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ከገበሬው ጋር በጋብቻ እንዳይዛመዱ ተደርገዋል። እንጀራችን የተጋገረበትን ምጣድ፣ ውኃችን የቀዘቀዘበትን እንስራ የሠራችውን እጅ ግን አንጨብጥም ነበር። ይህ ንቀት በቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ አብሮን ተቀምጦ እንዳይሆን ራሳችንን እንመርምር። በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን የምንለው (ገላ. 3፥28) ልጆቻችን ሲጋቡም ነው ወይስ ስንዘምር ብቻ? እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር ከምድር አፈር አበጀው (ዘፍ. 2፥7)። ጭቃ የነካ እጅ ይናቃል የምንል ከሆነ ማንን እየናቅን እንደ ሆነ እናስብ።

ልጃችሁ ጭቃ አቡክቶ ሲያሳያችሁ፣ "ውይ ቆሸሽክ!" ከማለታችሁ በፊት "ማንን ነው የሠራኸው?" ብላችሁ ጠይቁት። ከተቻለም አንድ ቀን ወደ ገበያ ይዛችሁት ሂዱና ሸክላ ሠሪዋን "እማማ፣ ይህን እንዴት ነው የሚሠሩት?" ብሎ እንዲጠይቃት አድርጉ። ልጁ ከእርሷ የሚማረው ብዙ ነው፤ እርሷም በአክብሮት መጠየቋን አትረሳውም።

በዚህ ሳምንት

በዚህ ሳምንት አንዲት አሻንጉሊት ብቻ አንሡ። አዲስ አትግዙ፤ አልጋ ሥር የወደቀችው፣ ፀጉሯ የተነጨው ትበልጣለች። ሥራውን ተከፋፈሉ። አባት ማጠብና ራስ መንቀል፣ እናት ቀለም ማዋሃድ፣ ልጆች መቀባትና ስም ማውጣት። ፊቷ ቢጣመም አታስተካክሉባቸው። ስታልቅ የሱቋን ያህል አታምር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ የእርሷን ታሪክ የማያውቅ አይኖርም። ቤታችሁ ልጅ ከሌለ ወይም ልጆቻችሁ ካደጉ ለሰንበት ትምህርት ክፍል ወይም ለጎረቤት ልጅ ሥሩ። ዶርቃ ለመበለቶች በሰፋቻቸው ልብሶች ነው የታወሰችው (ሐዋ. 9፥39)።

ባልና ሚስት ለብቻችሁ ሆናችሁ ደግሞ በእነዚህ ጥያቄዎች ተነጋገሩ፦

1. በቤታችን ልጆቻችንን "ቆንጆ" የምንላቸው መቼ መቼ ነው? ቀላ ያለችውን ከጠቆረችው አስበልጠን ሰምተውን ያውቃሉ?

2. ባለፈው ወር አባት ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የተጫወተው ስንት ጊዜ ነው?

3. እኛ ልጆች ሳለን በገዛ እጃችን ምን ምን እንሠራ ነበር? ለልጆቻችን አሳይተናቸዋል?

4. ልጃችን ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ካደገች ልጅ ጋር ቢታጭ ምን እንላለን? መልሳችን በጸሎት ፊት ይቆማል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ቶሎ አትለፉት። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ።